የጀልባዋ ሬዲዮ የጠራ ዕለት

ቤቴ መቱ ከዋናው መንገድ ዳር ስለሆነ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ሬዲዮዬ ይንጫጫል። ልጆቼ «አባባ፣ ይኼን አሮጌ ነገር ጣልና በስልክ ስማ» ይሉኛል። ጥፋቱ የሬዲዮው አይደለም፣ የባጃጁ ካንዴላ ነው ብል የሚሰማኝ የለም። ባለፈው ሰኞ የጎረቤቴ ልጅ ባጃጁን በሬ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ከአንድ ሰው ጋር ወሬ ያዘ። ዜናው በጩኸት ተዋጠ። ልቆጣው ብድግ ብዬ በረንዳ ላይ ስደርስ ሞተሩን አጠፋው፤ የዜና አንባቢዋ ድምፅም ጥርት ብሎ ወጣ። ቁጣዬን ረስቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሞተር ጠፍቶ ሬዲዮ ሲጠራ እኔ ዛሬም ጋምቤላ ነኝ፣ ባሮ ወንዝ ላይ ነኝ፤ ከዳርቻው ደግሞ አንዲት እናት የታመመች ልጇን ይዛ እኛን ትጠብቃለች። ልጅቷ አቻላ ትባላለች፤ ስድስት ዓመቷ ነበር። ይህን የምጽፈው ስለ እሷ ነው። እሷ ጋ እስክደርስ መንገዱ ትንሽ ይረዝማል፤ ሽማግሌ ነኝና ታገሡኝ።

ጋምቤላ የወረድኩት ክልል የሚባለው ነገር ገና ቀለሙ ባልደረቀበት ጊዜ ነው። ቀለሙ ስል በእውነትም ቀለሙን ነው፤ የቢሮዎቹን ሰሌዳ ሁሉ የሚጽፈው አንድ ሰው ነበር፣ እሱም በወባ ከተኛ መሥሪያ ቤቱ ስም ሳይኖረው ይከርማል። ለሦስት ቢሮ አንድ የጽሕፈት መኪና ነበረን። ማኅተሙን የያዘው ሰው ምሳ ከሄደ የክልሉ ሥራ ሁሉ ምሳ ሄደ ማለት ነው። እኔ ከደጋ ስመጣ እናቴ «አገሩ ሩቅ ነው» ብላ ያሰፋችልኝን የሱፍ ኮት ለብሼ ነበር፤ አውቶቡስ ተራ ስወርድ የሳቀው ሰው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። በሦስተኛው ቀን ኮቱን ወደ ጎሬ ለሚመለስ ሾፌር ሸጬ ካኪ ቁምጣና ኮንጎ ጫማ ገዛሁ። መቱ አንድ ሽሮ በምበላበት ዋጋ ጋምቤላ ክንዴን የሚያህል አሳ ይጠበስልኝ ነበር። ማንጎ በወቅቱ የሚገዛ ሞኝ አልነበረም፤ ዛፉን ነቅነቅ ማድረግ ነው። ከድልድዩ ወዲህ፣ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር፣ አንድ ልብስ ሰፊ ቀኑን ሙሉ የሱዳን ዘፈን በቴፕ ያስጮህ ነበር፤ ከጀርባው ካለው የጴንጤዎች ጸሎት ቤት ደግሞ የመዘምራኑ ከበሮ ይሰማል፤ ሁለቱ ተደባልቀው ለእኔ የጋምቤላ ድምፅ ሆነው ቀሩ። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ማንም አይሠራም፤ ሙቀቱ ሰውን ከየቢሮው ለቅሞ ወንዝ ውስጥ ይከተዋል። ኃላፊና ተላላኪ እኩል ቁምጣ ለብሰው ባሮ ውስጥ የሚቀመጡበት አገር ሌላ አላየሁም። አሁን አስፋልቱ ደርሷል፣ ሆቴሉ በዝቷል፣ ጀዊ ብለው የስደተኛ መንደር የቆረቆሩበት ቦታ ያኔ ሣር ብቻ ነበር ይሉኛል። እኔ ሄጄ ለማየት አልደፈርኩም። ለምን እንዳልደፈርኩ ትደርሱበታላችሁ።

የተቀጠርኩት በሬዲዮ ቴክኒሻንነት ነው። መሥሪያ ቤታችን መድኃኒትና ክትባት ወደ ኢታንግና ከዚያም ወዲያ ላሉት ጤና ጣቢያዎች ይልካል፤ ክረምት ሲገባ መንገዱን ውሃ ስለሚውጠው የሚላከው በጀልባ ነበር። ጀልባዋ የብረት ናት፤ ከማን እንደተወረሰች የሚያውቅ የለም። ከፀሐይ የሚያስጥል የቆርቆሮ ጣሪያ አላት፣ ጣሪያው ደግሞ በዛገ ሰንሰለትና በብረት ገመድ ተወጥሮ ታስሯል። ነጂዋ ኡመድ የሚባል አኙዋ ነበር፤ አሥር ዓመት ያህል ይበልጠኛል፣ ባሮን እንደ ጓሮው ያውቀዋል። ስሜን በመጀመሪያው ቀን ነገርኩት፤ እሱ ግን «ቴክኒክ» አለኝ፣ ከዚያ ወዲያ የወንዙ ሰው ሁሉ ቴክኒክ አለኝ። ሦስተኛዋ ሲስተር አበበች ናት፤ ነርስ፣ የጎጃም ሰው፣ በዚያ ሙቀት እንኳ ነጠላዋን ከትከሻዋ የማታወርድ፣ በጾም አሳ ስበላ ካየችኝ ሳምንቱን ሙሉ የማትለቀኝ ነበረች።

ሥራችን የተንጠለጠለው በሬዲዮው ላይ ነበር። ጠዋት በአራት ሰዓት ከጋምቤላ ይጠሩናል፤ የትኛው መንደር ወረርሽኝ እንደገባ፣ የትኛው ጣቢያ ክኒን እንዳለቀበት ይነግሩናል። ካልሰማን መድኃኒቱን ጭነን በበሽተኛው ደጅ አልፈን እንሄዳለን። ችግሩ ጀልባዋ ስትሄድ አለመስማቷ ነው። እኛ ስንናገር ጋምቤላ ይሰማናል፤ ጋምቤላ ስትናገር ግን እኛ የምንሰማው ምጣድ ላይ የሚፈነዳ ማሽላ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ያገኙት መላ አንድ ነበር፦ አራት ሰዓት ሲሆን ሞተር ማጥፋት። ከጋምቤላ በአንድ ሰዓት ከተነሳን በአራት ሰዓት የምንደርሰው አንድ የወንዝ መታጠፊያ ላይ ነው፤ ዳርቻው ላይ ትልቅ የሮቃ ዛፍ አለ። ኡመድ ሞተሩን አጥፍቶ ጀልባዋን ከዛፉ ሥር ያስራታል፣ እኔ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ግማሽ ሰዓት እጽፋለሁ። ሰው በየመንደሩ ፍየሉንና ማዳበሪያ ከረጢቱን እየጫነ ስላስቸገረ ኃላፊያችን በመንገድ መቆምን በደብዳቤ ከልክለው ነበር። የተፈቀደችው ይቺ አንዷ ናት፤ ደብዳቤው ላይ «ለሬዲዮ ማዳመጫ ብቻ» ተብሎ ማኅተም አርፎባታል።

የመንደሩ ሰው ደብዳቤ አላነበበም፤ እሱ የሚያውቀው ሞተሩ ጸጥ ሲል ነው። የሞተሩ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል ይመጣልና ድንገት ሲቋረጥ፣ አዛውንቱም ሕፃኑም ወደ ሮቃው ይወርዳል። አንዱ በቆሎ ጥብስ ይዞ፣ አንዱ አሳ ይዞ፣ አንዱ ደግሞ ትኩሳት የያዘውን ልጅ አዝሎ ይመጣል። እኔ ሳዳምጥ ሲስተር ታክማለች። ማንም ይሁን ብሎ ያላቋቋመው ክሊኒክ ነበር፤ ደመወዝ የለው፣ ሰሌዳ የለው፣ የሚከፈተው በሞተር መጥፋት ነው። እኔ ያኔ እንዲህ አድርጌ አላየሁትም፣ ልዋሽ አልችልም። ለእኔ በጆሮዬ ሥራ ላይ የሚንጫጫ ሕዝብ ነበር።

ከመሃላቸው አሪያትን ግን እወዳት ነበር፤ እንደ እህት ማለቴ ነው። ባሏ የሞተባት፣ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ጋምቤላ ከተማ አንድ መምህር ቤት ስለኖረች አማርኛ የምትችል ሴት ናት። «ቴክኒክ፣ ብረት ጆሮህ ላይ አድርገህ ከማን ጋር ታወራለህ? ሚስት ደብቀሃል?» ትለኛለች። ቀይ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ታስራለች፤ በቆሎውን ከሁሉ በፊት የምታቀብለኝ እሷ ነች። ልጇ አቻላ አማርኛ አትችልም፤ ግን አንድ ቀን ማዳመጫውን በእጇ እያመለከተች ስታስቸግረኝ ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። ጋምቤላ ያለው ባልደረባዬ ነገሩ ገብቶት «ደህና አደርሽ አቻላ» አላት። ስሟን ከብረት ውስጥ ስትሰማ ዓይኗ ፈጠጠ። ለእናቷ የሆነ ነገር ነገረቻት፤ አሪያት ከት ብላ ሳቀች። «ሰውየው እዚያ ውስጥ ምን ይበላል ነው የምትለው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቻላ ከበቆሎዋ ሦስት አራት ፍሬ ፈልፍላ ሬዲዮው ላይ ታኖርለት ነበር። እኔም መርከበኛ ይመስል እየተኮሳተርኩ፣ አካባቢዬ ንጹሕ መሆን አለበት እያልኩ፣ እሷ ዞር ስትል ፍሬዎቹን እበላቸው ነበር።

ያ አሮጌ ሞተር አንዴ ከጠፋ ለመነሳት አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይፈጃል። በዚህ መሃል የክትባቱ ሣጥን ውስጥ ያለው በረዶ ይቀልጣል። ሁለት ጊዜ ኢታንግ ስንደርስ ክትባቱ ሞቆ ተጣለ። ኃላፊው ጠሩኝና «አንተ የሬዲዮ ሰው አይደለህም እንዴ? ይኼን ጩኸት ታጠፋልኛለህ፣ ወይስ ሌላ ሰው ላስመጣ?» አሉኝ። ሰድበውኝ ሲያበቁ ግን፣ ከተሳካልህ አዲስ አበባ ለስድስት ወር ሥልጠና እልክሃለሁ ብለው ደመደሙ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ምክንያቱ መልካም ነበር፤ የሚያስቆጨኝም ይኸው ነው፣ ምክንያቱ መልካም ነበር።

ጩኸት እንደ አይጥ ነው፤ አንዱን ቀዳዳ ደፍነህ ስታበቃ በሌላው ይወጣል። ሞተሯ በናፍጣ ስለምትሠራ ካንዴላ የላትም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ ነው፣ ጩኸት የሚውጥ ኮንዴንሰር ስገጥምለት ፉጨቱ ቀነሰ። የአንቴናው ሽቦ ከሞተሩ አናት በላይ ተጋድሞ ነበር፤ አንስቼ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ረጅም ሸንበቆ ተክዬ እዚያ ሰቀልኩት። ወደ ሬዲዮው የሚወርደውን ገመድ የውጭ የመዳብ ጥልፍ ልጬ ከጀልባዋ ብረት ጋር በየድኩት። አሁንም ማሽላው ይፈነዳል። በመጨረሻ ትንሿን ትራንዚስተር ሬዲዮዬን ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ አድርጌ፣ ሞተሩን አስነስተን፣ እንደ ውሻ እያሸተትኩ ጀልባዋን ዞርኳት። ከጣሪያው ሰንሰለት ሥር ስደርስ ትራንዚስተሯ ጆሮዬን በጠሰችው። ለካ የዛገው ሰንሰለት ሞተሩ ባንቀጠቀጠው ቁጥር እርስ በርሱ እየተፋጨ እሱ ራሱ ይጮህ ኖሯል። ኡመድ «ቴክኒክ፣ ይኼ ሰንሰለት እኔ ሳልወለድ አለ፤ አሁን ሬዲዮ ሆነ?» አለኝ። ዝገቱን ፍቀን፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በመዳብ ሽቦ አስረን፣ ሁሉንም ከጀልባዋ ብረት ጋር አገናኘን። ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ሞተሩ እየሠራ ማዳመጫውን ሳደርግ ጋምቤላ ቢሮ ውስጥ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። አለቀስኩ ብል ታምኑኛላችሁ? ኡመድን አቅፌ አለቀስኩ።

በማግስቱ ለሙከራ ወጣን። ወንዙ ሞልቷል። አራት ሰዓት ሲሆን መታጠፊያው ደረስን፤ ካልቆምን ደግሞ ጥልቁ ውሃ ያለው በወዲያኛው ዳር ስለሆነ ኡመድ ጀልባዋን ወደዚያ ወሰዳት። ሲስተር ከመድኃኒት ሣጥኖቹ መሃል ቀና ብላ «ዛሬ አንቆምም እንዴ?» አለች።

«ከዛሬ ጀምሮ መቆም ቀርቷል ሲስተር» አልኳት።

«እነዚያ ሰዎችስ?»

«ስንመለስ እናያቸዋለን። በረዶው ይቀልጣል፣ ደብዳቤውም ይከለክላል።»

አንገቷን ነቅንቃ ወደ ሣጥኖቿ ተመለሰች። ኡመድ ዓይኑን ከውሃው አላነሳም፤ በዚያ ሙላት ዓይን ማንሳት ጀልባ መገልበጥ ነው። ጆሮዬ ውስጥ የባልደረባዬ ድምፅ ይፈሳል፣ እስትንፋሱ እንኳ ይሰማል። ወደ ሮቃው ስመለከት ሰዎች ቆመዋል። ከፊት ቀይ ጨርቅ አየሁ፤ አሪያት ናት፣ ጨርቁን ከትከሻዋ ፈትታ ታውለበልባለች። አፏ ሲከፈት ይታየኛል፤ ድምፁን ሞተሩና ማዳመጫዬ በሉት። ደስ አለኝ። የሥራዬን ፍሬ የምታይልኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ብድግ አልኩና እጄን ከፍ አድርጌ አውለበለብኩላት። ያ አልበቃ ብሎኝ በጣቴ ጆሮዬን አመለከትኳት፤ ጠርቷል፣ እየሰማሁ ነው ማለቴ ነበር። ከዚያ መታጠፊያው ሸፈነን። ኢታንግ በረዶው ሳይቀልጥ ደረስን፤ አንድም ክትባት አልተጣለም።

የተመለስነው በሦስተኛው ቀን ነው። ወደ ላይ ስንወጣ ኡመድ ሳልነግረው ሮቃው ጋ ሞተሩን አጠፋ። ሰው አልወረደም። ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ብቻ መጥቶ ከኡመድ ጋር በአኙዋ ተነጋገረ። ኡመድ መሪውን እንደያዘ ወደ እኔ ሳያይ «አቻላ ሞታለች» አለኝ። «ወባ ነው። እኛ ያለፍን ቀን እዚህ ነበረች። ሲመሽ ወደ ኢታንግ ወሰዷት፣ መንገድ ላይ ሞተች።» ሲስተር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ያን ቀን የሚያስፈልጋት ክኒን ከእግሬ ሥር ሣጥን ሙሉ ነበር። ካየሁት ሁሉ ይኼን ነው ከልቤ ማውጣት የማልችለው፤ ክኒኑ ከእግሬ ሥር ነበር።

ጋምቤላ ስንደርስ ኃላፊው በደስታ እየጠበቁኝ ነው፤ የሥልጠናው ደብዳቤ ተጽፏል፣ ማኅተሙ ብቻ ይቀራል። መታጠፊያው ላይ እንቁም፣ ሰው ይታከማል ብዬ ጠየቅኳቸው። «ለአንዱ መንደር ከቆምን ለሁሉም ልንቆም ነው፤ ወንዙን ጨርሰን ኢታንግ መቼ ልንደርስ?» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ቢሮዬ ገብቼ ለብቻዬ ተቀመጥኩና በእጄ ሪፖርት ጻፍኩ፦ ሙከራው አልተሳካም፣ የሬዲዮው ጩኸት ተመልሷል፣ ለማዳመጥ እንደ ቀድሞው ሞተር ማጥፋት ግድ ነው። በሥራ ዘመኔ የጻፍኩት ብቸኛ የውሸት ሪፖርት እሱ ነው። «ቴክኒሻን ተብዬ» አሉኝ፤ ደብዳቤው ተቀደደ፣ ወደ ሥልጠናው ሌላ ሰው ሄደ። ለክትባቱ ኡመድ የበረዶ ሣጥኑን በእርጥብ ጆንያና በሣር መጠቅለል ጀመረ፣ ሞተሩንም ቶሎ ማስነሳት ተማርን። ከዚያ ወዲያ እኔ እዚያ እስከሠራሁ ድረስ አራት ሰዓት በሆነ ቁጥር ሞተሩን እናጠፋለን፤ እኔ እንደ መስታወት የጠራ ሬዲዮ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ እንደተቸገረ ሰው ግንባሬን ቋጥሬ እቀመጣለሁ። ኡመድና ሲስተር ምስጢሬን ጠበቁልኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው። እንዲያም ሆኖ፣ ዕዳዬን በመጠኑ የከፈልኩ ይመስለኝ ነበር።

አሪያት ከሐዘኗ በኋላ ወደ ሮቃው ተመለሰች። በቆሎውን ታቀብለኛለች፤ ቀልዱ ግን ቀረ። አራት ክረምት እንዲህ አለፈ። ወደ ደጋ ስዛወር ለመጨረሻ ጊዜ በጀልባዋ ሄድኩና፣ ሰዉ እስኪቀል ጠብቄ ከዛፉ ሥር አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቃላቱን ስንት ሌሊት እንዳሰብኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው።

«አሪያት፣ ያን ቀን ሳንቆም በመሄዳችን ይቅር በዪኝ» አልኳት።

ፊቷን ወደ ወንዙ መለሰች። ቁጣ ፊቷ ላይ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«ጀልባ ያልፋል» አለች። «ኡመድ አላየንም፣ ውሃ ነው የሚያየው፣ አውቃለሁ። በዚያ አላዝንም። ወንድሜ እኮ ታንኳ ይዞ እዚህ ቆሟል። ጠዋት ነው፣ ፀሐይ ገና ነው። ‹ነይ፣ በውሃው ቶሎ ኢታንግ እናደርሳታለን› አለኝ። እኔ እምቢ አልኩ።»

«ለምን?» አልኳት።

«አንተ እጅህን አነሳህልኝ። ጆሮህን አሳየኸኝ። ሰምቼሻለሁ አልከኝ። እኔም ወንድሜን ‹ሂድ፣ ቴክኒክ ሰምቶኛል፣ ይመለሳል› አልኩት። ለአቻላም እንደዚያ አልኳት። እስኪመሽ እዚህ ቁጭ ብለን ጠበቅንህ።»

ኡመድ ሞተሩን አስነሳ። እሷ ብድግ ብላ ለመንገዴ ያመጣችውን በቆሎ እጄ ላይ አኖረችልኝ። እኔም በቆሎውን ይዤ ጀልባዋ ላይ ወጣሁና ሄድኩ።